ኦቤሊን ያልጠራችው ስም

ሁለቱ ጭምብለኞች ከሽማግሌው ጎረቤቷ ከአማብል ቤት ወጥተው ዳገቱን ሲያያዙት ኦቤሊን በመስኮት አየቻቸውና የጀመረችውን የሱፍ ምንጣፍ ከነመወጠሪያው አንሥታ ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። የጨርቅ ቁርጥራጩን በእግሯ ወደ ጥግ ገፋች፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ወደ ምድጃው መሃል ሳበች፤ የሞላሰስ ብስኩቷን ከቁም ሣጥን አወጣች። ጾሙ በተጋመሰ ዕለት የካፕ ሮንዶ መንደር ሰው ፊቱን ሸፍኖ ከቤት ቤት ሲዞር ጭምብለኛን ደጅ ማስቆም ነውር ነው። ማንም ይሁን ማን ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ባለቤቱን እያሳቀ ያደናግራል። ስሙን በትክክል የጠሩበት እንደሆነ ጭምብሉን ማውለቅ ግዴታው ነው። ካልጠሩበት እንደተሸፈነ መጥቶ እንደተሸፈነ ይሄዳል።

የፊተኛው ሙሽራ ሆኖ ነበር። ነጭ የመጋረጃ ቀሚስ ለብሷል፣ ራሱ ላይ የትራስ ልብስ አጥልቋል፣ ደረቱ ላይ ሁለት ትልልቅ የሱፍ ድቡልቡል ሸጉጧል። የኋለኛው አሮጌ የዓሣ አጥማጅ ካፖርት ደርቦ፣ የዱቄት ከረጢት ፊቱ ላይ አጥልቆ፣ እጁን እስከ ክንዱ በጓንት ቀብሮ፣ በየአምስት እርምጃው እየቆመ ይመጣል። በረዶው እስከ ጉልበት ነበር። ሙሽራው ዞር እያለ ይጠብቀዋል።

በሩን ሳያንኳኩ ገፉት።

«ለሙሽራ የሚጠጣ ነገር ይኖራል?» አለ የፊተኛው ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ። በዚህ ቀን ድምፁ እንዳይታወቅበት ሰው ሁሉ የሚናገረው እንዲህ ነው።

«ካሊክስት፣ አውልቀው! የለበስከው የሚስትህ የመኝታ ቤት መጋረጃ ነው፤ የሰፋሁላት እኔ ነኝ።»

«ኧረ እትዬ ኦቤሊን! አንድ ጊዜ እንኳ ብትሳሳቺልኝ ምን አለበት?» ፖስተኛው ካሊክስት የትራስ ልብሱን መንጭቆ አወለቀና ላብ ያረጠበውን ሪዙን ጠረገ። «ከጠዋት ጀምሮ አሥራ ሦስት ቤት ዞርን፤ ሁሉም ቤት ገና ደፉን ሳልረግጥ ነው ስሜን የሚጠሩት።»

«ታዲያ ያንን ሆድህን የት ትደብቀዋለህ?»

ይህን እያለች ሁለተኛው ገባ። ከመተላለፊያው ወደ ኩሽና የሚያስገባው በር ላይ ሲደርስ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ጎንበስ አለ።

ኦቤሊን ስኒ እንደያዘች በሩን አየች።

እዚያ በር ላይ ጎንበስ የሚያሰኝ ነገር የለም። ድሮ ነበር። አባቷ ሉባን ከተሰበረ የመርከብ ምሰሶ ጠርቦ ያጋደመው ወራጅ፣ የቤቱን ረጃጅም ወንዶች ግንባር ሲያቆስል የኖረ። እናቷ በሞተች በዓመቱ ጣሪያው ሲታደስ ተቆርጦ ማገዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ነው የሚያልፈው። ካሊክስትም አሁን ቀጥ ብሎ አለፈ። ለሌለ ወራጅ ጎንበስ የሚል በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ወንድሟ ነው። ሲሪያክ የሉባን ልጅ፣ የኤሎዋ የልጅ ልጅ።

ሌላው ዓለም በአክብሮት ሙስዮ ሲሪያክ እያለ ይጠራዋል። ስድስት ልቦለድና ዘጠኝ ተውኔት ጽፏል፤ ፓሪስ ድረስ ተጠርቶ ሜዳይ ተንጠልጥሎለታል፤ ዩኒቨርሲቲዎች የክብር ካባ ደርበውለታል። ከሱ በፊት የዚህን ባሕር ዳርቻ ሰው አነጋገር መድረክ ላይ ያወጣ አልነበረም። እንዲያውም የትምህርት ቤቱ መነኮሳት ልጆቹ እንዲያ ሲናገሩ ጣታቸውን በማስመሪያ ነበር የሚመቷቸው። እሱ ግን የዓሣ አጥማጁንና የልብስ አጣቢዋን አፍ እንዳለ ወስዶ በሞንትሪያል ወርቅ ቅብ አዳራሽ ውስጥ አስነገረው፤ ከተሜውም ቆሞ አጨበጨበ። በካፕ ሮንዶ የሱ መጽሐፍ የማይገኝበት ቤት አልነበረም፣ ከአንዱ በቀር። ያ ቤት የተወለደበት ነው።

የቂሙ ነገር እንዲህ ነው። ዓሣው በጠፋባቸው ሁለት ክፉ ዓመታት እናታቸው ማርሴሊን ቀን ጨልሞ ሲይዝ ሻሏን እስከ ዓይኗ ጎትታ ከጀርሲ ደሴት ወደ መጣው ነጋዴ የዓሣ ማራገፊያ ትወርድ ነበር። ተቆርጦ የተጣለውን የዓሣ ጭንቅላት ከውሾች ጋር እየተሻማች በሽርጧ ይዛ ትመለሳለች። አራት ልጅ በዚያ ሾርባ አደገ። ኦቤሊን የበኩር ልጅ ስለነበረች ታውቃለች፤ ሲሪያክ የመጨረሻው ስለነበረ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ አይቷል። ማርሴሊን ኩሩ ሴት ነበረች። «ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» ብላ ኋላ ሲሪያክ ነፍስ ሲያውቅ ሁለቱንም አስምላቸዋለች።

ሲሪያክ ግን ጻፈው። የመጀመሪያ ተውኔቱ ያ ነበር፤ መጀመሪያ የታየውም እዚሁ መንደር፣ በደብሩ አዳራሽ ነው። ማርሴሊን የልጇን ክብር ልታይ አዲስ ኮፍያ አድርጋ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መድረኩ ላይ አንዲት ሻል የተከናነበች ሴት ከውሾች ጋር ስትሻማ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። አልቅሶም ሲያበቃ አንድ በአንድ እየዞረ ማርሴሊንን አያት። ከዚያ ቀን በኋላ ማርሴሊን ቅዳሴ ስትሄድ እንኳ በጓሮ በር ሆነ፤ በሁለተኛው ወር ደግሞ ጭራሽ ቀረች። ክረምቱን አልዘለቀችም።

ሲሪያክ በባቡርና በጋሪ ደርሶ በረንዳው ላይ ሲቆም ኦቤሊን የእናቷ የሬሳ ሣጥን ላይ እጇን ጭና ሰው ሁሉ እየሰማ ማለች። «እኔ በሕይወት እያለሁ ሲሪያክ የሚባል ሰው ይህን ደፍ አይረግጥም። ቢረግጥ በዚህ እጄ ገፍቼ አስወጣዋለሁ።» ሲሪያክ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ተመለሰ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ከዚያ ወዲህ ትልቅ ጦርነት መጥቶ አለፈ፤ ኤሌክትሪክ ገባ፤ ኦቤሊን ግን ቃሏን አላጠፈችም። ሰውም የኦቤሊንን ቃል ያውቃልና በፊቷ የወንድሟን ስም አያነሣም። የሱ ተውኔት በሬዲዮ በሚተላለፍበት ምሽት እሷ ከሄደችበት ቤት ሬዲዮው ይዘጋል።

አሁን ታዲያ መጣ። ስም ሳይኖረው መጣ።

ኦቤሊን ስኒውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ስሙን ከጠራች ጭምብሉን ያወልቃል፤ ካወለቀ ሲሪያክ ነው፤ ሲሪያክ ከሆነ በእጇ ገፍታ ልታስወጣው ነው። ካልጠራችው ግን እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ እሳት ዳር ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል። ይህን ለማሰብ አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀባትም።

«ቁጭ በል እንግዲህ፤ ምን ገተረህ?» አለችው። «ረጅም ነህ። ታዴ ነህ አይደል?»

ከረጢቱ ግራና ቀኝ ተነቀነቀ።

«ታዴማ ከዚህ ሰውዬ ሁለት ስንዝር ያጥራል፣ እትዬ!» ካሊክስት ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ብቻ ነበር። ዓይኑ ከሷ ፊት አልተነሣም።

«እሺ፣ የወፍጮ ቤቱ ፖላን ነህ። … አይደለህም? የቄሱ የጓሮ ሠራተኛ ነህ። … እሱም አይደለህም? ቆይ፣ ከአሜሪካ የመጣው የአማብል አማች!»

በያንዳንዱ ስም ከረጢቱ ይነቀነቃል። ኦቤሊን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እየዞረች አየችው። ሰውነቱ አልቋል። ካፖርቱ ትከሻው ላይ እንጨት ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ። ይህን እየሰማች አምስተኛውን ስም ጠራች፣ ስድስተኛውንም። ሆን ብላ ይበልጥ የማይመስለውን፣ ይበልጥ የሚያስቀውን እየመረጠች ጠራች። ሰባተኛው ላይ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ አልጋ ላይ የዋለውን ሽማግሌ ጠርታ ካሊክስትን በእውነት አሳቀችው።

ሻዩን ስትሰጠው ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ጭምብለኛ ከረጢቱን ከፍ አድርጎ እንዲጠጣ ባለቤት ዞር ይልለታል፤ ወጉ ነው። ወደ እሳቱ እያየች ጉሮሮው ሻዩን ሲውጥ አዳመጠች። ቀጥሎ ሳል ያዘው። ረጅም፣ እርጥብ ሳል ነበር።

ኦቤሊን ለዚህ ሰው የምታደርሰው አደራ ነበረባት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውስጧን ሲበላት የኖረው መሐላው ብቻ አልነበረም። ማርሴሊን ልትሞት ሳምንት ሲቀራት ያንን ተውኔት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ እንድታነብላት አዘዘቻት። ኦቤሊን እየተናነቃት አነበበች። እናቷ እንደገና አስነበበቻት፤ ሲያበቃ ዓይኗን ጨፍና «የዓሣውን ጭንቅላት ደህና አድርጎ ጽፎታል» አለች። «ብርዱን ግን አያውቀውም፤ ሕፃን ነበር። ጻፊለትና ይምጣ፤ እኔ እነግረዋለሁ።» ኦቤሊን እሺ አለች። ደሟ ፈልቶ ነበርና አልጻፈችም። የማለችው ይህንን አፍና ነው፤ ይህንንም ለሰው ቀርቶ ለንስሐ አባቷ አልተናገረችም።

እዚህ ተቀምጧል፣ ልንገረው አለች በልቧ። ታዲያ ምን ብላ ትንገረው? ለማይታወቅ እንግዳ «እናታችን ና ብላህ ነበር» አይባል። ያንን ከተናገረች ስሙን ጠራችው ማለት ነው።

ጭምብለኛው ስኒውን መለሰላት። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ፣ በተሰባበረ ድምፅ፣ «እመቤቴ፣ ወንድም አለሽ?» አላት።

ካሊክስት የያዘውን ብስኩት ወደ አፉ ሳያደርስ ቀረ።

«ሦስት ነበሩኝ» አለች ኦቤሊን። «ሁለቱን ባሕር ወሰደብኝ።»

«ሦስተኛውስ?»

 ማንቆርቆሪያውን አነሣችና፣ «ስለሱ በዚህ ቤት አይወራም» አለች። ሌላ ምን ማለት ትችል ነበር? ቀጥላም ድምፅዋን አለስልሳ፣ «ትንሽ ሻይ ልጨምርልህ፤ በርዶሃል» አለችው። የኋለኛውን እንዲሰማላት ነበር የፈለገችው። ሰው ግን የሚሰማው የመጀመሪያውን ነው።

ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ስም ጠራች። አሥረኛውን ስትጠራ የሽንኩርትና የሞላሰስ የሳል ሽሮፕዋን ከመደርደሪያ አውርዳ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተችው። «ለማንም ለሚስል ሰው እሰጣለሁ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። አሥራ አንደኛውን ስትጠራ ጀንበር ወደ ባሕሩ ዘቅዝቃ የመስኮቱ በረዶ ቀልቶ ነበር።

ሰውዬው ተነሣ። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። «አንድ ጊዜ ደግሞ ሞክሪ» አላት።

ልመና እንደሆነ ገባት። ለልመናውም ያላትን ሁሉ ሰጠችው፣ ወይም የሰጠችው መሰላት። «እጄን ሰጠሁ። አሸነፍከኝ። አላወቅኩህም» አለች። እንዲያ ሲባል ጭምብለኛው ክብሩ ነው፤ በማግስቱ የመንደሩ ወሬ እሱ ይሆናል። ኦቤሊን ፈገግ ብላ ነበር።

እጅ ነሣና ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ዳገቱን እስኪወርዱ በመስኮት አየቻቸው። ልቧ ቀለላት። ከፋሲካ በኋላ ቄሱ ዘንድ ሄዳ መሐላዋን ልታስፈታ ቆረጠች፤ ኃጢአቷንም ትናገራለች፤ ከዚያ በገዛ እጇ ትጽፍለታለች፤ ክረምቱ ሲወጣም በስሙ ይመጣል። ያን ዕለት ማታ ስትጸልይ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሟን በጸሎቷ አነሣችው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ሦስት ቀን የቆየ የበረዶ ውሽንፍር ሲያባራ፣ ካሊክስት የፖስታ ከረጢቱን አዝሎ ከበረዶ ጋሪው ወረደ። ጠዋት ነበር። እንደ ወትሮው በር ላይ ቆሞ አልቀለደም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።

«ከሃሊፋክስ ነው» አለና ወፍራም ፖስታ ሰጣት። «ከሆስፒታል። ሦስት ቀን መንገድ ላይ ታግዶ ነው የቆየው።»

ኦቤሊን መነጽሯን ፈልጋ አደረገችና በምንጣፍ መቁረጫ መቀስዋ ቀደደችው። ስምንት ገጽ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ ላዩ ላይ አጭር ደብዳቤ።

«ኦቤሊን፤ ያኔ ሳልጠይቅሽ ጻፍኩ። አሁን እጠይቅሻለሁ። ይህ የመጨረሻው መጽሐፌ መጨረሻ ነው፤ አንቺ አለሽበት። ካልፈለግሽው በእርሳስ ሰርዢውና መልሺልኝ፤ ያለ ምንም ቅሬታ ከመጽሐፉ አስወጣዋለሁ። መልስሽን እዚሁ እጠብቃለሁ። ሐኪሞቹ ከዚህ አልጋ አትነሣም ይሉኛል።»

ገጾቹን ቆማ አነበበች። ስለ እኩለ ጾሙ ዕለት ነበር። አንድ ሊሞት የተቃረበ ጸሐፊ ጭምብል አድርጎ የተወለደበትን መንደር ቤት ለቤት ይዞራል። ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው ስለ እነዚህ ሰዎች ነው፤ ሳላቸውን፣ አረማመዳቸውን፣ አነጋገራቸውን በልቡ ይዞ ኖሯል። ከነሱ ግን አንድም እሱን የሚያውቀው የለም። የመጨረሻው ቤት የእህቱ ነው። «እህቴ አሥራ አንድ ሰው ጠራች። አልጋ ላይ የወደቀ ሽማግሌ እንኳ ትዝ ብሏት ጠራች። እኔ በመካከላቸው አልነበርኩም። ይቅርታ ልለምን ነበር የመጣሁት፤ የተቀየመኝ ሰው ግን አጣሁ። ቂም እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ያስታውሳል። እሷ ግን ፈገግ ብላ አላወቅኩህም አለችኝ።»

ይህን ገጽ ዛሬ የዚያ አገር ተማሪ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። መምህራኑ ስለ መረሳት እንዲህ አድርጎ የጻፈ የለም እያሉ ያስተምሩታል። ያን ዕለት ጠዋት ግን ያነበበችው አንዲት ስድሳ ሦስት ዓመት የሆናት ሴት ብቻ ነበረች፤ ያልተጻፈውን የምታውቀውም እሷው ነበረች።

«እትዬ» አለ ካሊክስት ባርኔጣውን እያሻሸ፣ «ያን ዕለት ይዤው የመጣሁት ሰው … ማን እንደነበር ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።»

«አውቄዋለሁ።»

«አሁን ከደብዳቤው?»

«ገና ሲገባ ነው ያወቅኩት፣ ካሊክስት። ከበሩ ጀምሮ።»

ካሊክስት እንጨት ማስቀመጫው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። «የኔ እመቤት! እኔ እኮ እውነት መሰለኝ! ድልድዩ እስክንደርስ ከረጢቱን ከፊቱ ላይ አላነሣም። ‹እንዲያው በቁጣ እንኳ ብታባርረኝ ምን ነበረበት?› እያለ ሲያለቅስ … እኔም ዕድሜ ነው፣ ሰው ይረሳል ብዬ አጽናናሁት። እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት!»

«ላባርረው አልፈለግኩማ!» ብላ ጮኸች ኦቤሊን። «ስሙን ብጠራው ላስወጣው ነበር! አታውቅም እንዴ? እንዲቀመጥልኝ ነው እኮ! አንድ ሻይ ጠጥቶ እንዲሞቀው ነው!»

ምንጣፍ ለማዘዝ ከከተማ የሚደውሉ ሰዎች ስለነበሩ የምንጣፍ ሠሪዎች ማኅበር ቤቷ ግድግዳ ላይ ስልክ አስገብቶላት ነበር። ሄዳ እጀታውን አጥብቃ አዞረች።

«ዜኖቢ! ሃሊፋክስን ስጪኝ። ሆስፒታሉን። አድራሻው ደብዳቤው ላይ አለ፣ ላንብብልሽ።»

ዜኖቢ የስልክ አገናኟ ከሷ ጋር የቆረበች የልጅነት ጓደኛዋ ናት። ምንም አልጠየቀችም። «መስመር እንዳገኘሁ እደውልልሻለሁ፣ እቴ» ብቻ አለቻት።

ኦቤሊን ስልኩ ሥር ቆማ ጠበቀች። ሁሉንም በቅደም ተከተል ልትነግረው አሰበች። መጀመሪያ አውቄሃለሁ፣ ቀጥሎ የእማማን ቃል፣ ከዚያ ደግሞ ክፉዋ እኔ ነበርኩ። ካሊክስት ወንበር አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም።

ስልኩ ሁለት ረጅም አንድ አጭር ጮኸ። የኦቤሊን ጥሪ ይህ ነው፤ ግን በዚያ ሽቦ ላይ አሥራ አራት ቤት ተያይዟል፤ የማንም ስልክ ሲጮኽ ሁሉም ቤት ይጮኻል፣ ሁሉም ያነሣል። ኦቤሊንም ስታነሣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሰማች። ሌላ ቀን ቢሆን «ድስታችሁን አታሳርሩ፣ ዝጉ!» ትላቸው ነበር። ዛሬ ግድ አልሰጣትም።

ከሩቅ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ተናገረች። ኦቤሊን እንግሊዝኛ አታውቅም።

«ነርሷ ናት» አለች ዜኖቢ። «ምኑ ነሽ ትላለች።»

«እህቱ ነኝ በያት። የሲሪያክ እህት ነኝ።»

በሽቦው ላይ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ተሰማ። ያን ስም ከአፏ ሲወጣ ከሰሙት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ነርሷ ጥቂት ተናገረች። 

«ዜኖቢ?»

«ኦቤሊን፣ እቴ …»

«ንገሪኝ።»

«ዛሬ ንጋት ላይ ነው። ጸሐይ ስትወጣ።»

ኦቤሊን በሌላው እጇ ግድግዳውን ያዘች። «ምን አለ? የተናገረው ነገር አለ ወይ በያት።»

ዜኖቢ ጠየቀች፤ መልሱን ለመተርጎምም ሁለት ጊዜ መጀመር ነበረባት። «በየጠዋቱ ፖስታ መጣ ወይ እያለ ይጠይቀን ነበር፣ ሌላ ነገር አላለም … ነው የምትለው።»

ነርሷ ዘጋች። ካሊክስት ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ ነበር። ኦቤሊን ግን ስልኩን አላስቀመጠችውም።

«ዜኖቢ፣ አትዝጊው። እንዲሁ ይቆይ።» ከንፈሯን ወደ መናገሪያው አስጠጋች። «ሲሪያክ፣ ከበሩ ላይ ነው ያወቅኩህ። እማማ ተቀይማህ አልሞተችም። ሁለት ጊዜ አስነብባኝ ደህና አድርጎ ጽፎታል አለች። ይምጣ፣ ብርዱን እነግረዋለሁ አለች። ጻፊለት ብላኝ ነበር። ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ቃሏን የሰረቅኩብህ።» እንባዋ አፏ ውስጥ ገባ። «እናንተም እዚያ ያላችሁ፣ ሰምታችኋል። እንደምታወሩት አውቃለሁ። ስታወሩት ግን ወንድሟን ረሳችው እንዳትሉ። አውቄው ነበር።»

 ሽቦው ብቻ ሲያንሾካሹክ ቆየ። ከዚያ የሰማንያ ዓመቱ አማብል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኦቤሊን፣ እኛም አውቀነው ነበር።»

«ምን አልክ?»

«እኔ ቤት ገብቶ ገና ሲቀመጥ ነው የለየሁት። አቀማመጡ አባቱን ሉባንን ነው እኮ የሚመስለው። ስሙን ጠርቼ ባቅፈው ወድጄ ነበር። ግን … አንቺ ካላስገባሽው እኛ ምን አግብቶን፣ ቃልሽን እናዋርድብሻለን ብዬ ተውኩት። ጆሴፍ ነህ፣ ፖላን ነህ እያልኩ ሸኘሁት።»

«እኔም አውቄው ነበር» አለ ታዴ። ድምፁ የወትሮው አልነበረም። «ላንቺ ብዬ ዝም አልኩ።»

«እኛ ቤትም» አለች አንዲት ሴት። ሌላዋም ቀጠለች። አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ አሥራ ሦስቱም ቤት ተናገረ። ሁሉም አውቀውት ነበር። ሁሉም ለሷ ብለው የሌላ ሰው ስም ጠርተውለታል።

ኦቤሊን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። ተናግረው ሲያበቁም የሁሉም ትንፋሽ ይሰማ ነበር፤ ከመካከላቸው ቀድሞ ሊዘጋ የደፈረ አልነበረም።